የአገልግሎት ዓመትና የተመላሹ ትምህርት፦ በጐንደርና በስሜን ደጋ የታየ የሥልጠና ታሪክ

የተማረ ወጣት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ወደ ገጠር ወርዶ እንዲያገለግል ማድረግ በሀገራችን የትምህርት ዕቅድ ውስጥ ደጋግሞ የተነሣ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ በተነሣ ቁጥር የሚቀርቡት ጥያቄዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ወጣቱ የት ይመደብ፣ ምን ይሥራ፣ ስንትስ ይከፈለው የሚሉ ናቸው። አገልግሎቱን ፈጽሞ ሲመለስ ማን ይቀበለዋል፣ ያየውንና የሠራውንስ በምን ሥራ ላይ ያውለዋል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። ይሁን እንጂ የአገልግሎት ዓመት ከተራ የሰው ኃይል ማሟያነት አልፎ ትምህርት የሚሆነው ወይም ሳይሆን የሚቀረው በዚሁ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

ጐንደር ይህን ለመመርመር የተመቸች ከተማ ናት። ከ1947 እስከ 1969 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በከተማይቱና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ሦስት የተለያዩ የአገልግሎት ሥርዓቶች ተፈትነዋል። እነርሱም የጤና ኮሌጁ የመስክ ልምምድ፣ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መምህርነትና የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የግዴታ አገልግሎት ናቸው። በጎ ፈቃደኞቹ ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ የተከፈተላቸው የድኅረ ምረቃ የትምህርት ዕድል ከነዚህ ጋር ተነጻጽሮ ሲታይ ለኢትዮጵያ የትምህርት ዐቃጆች የሚነግረው ነገር አለ። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. የተባለው የኢትዮጵያ፣ እ.ኤ.አ. የተባለው የኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ከደምቢያ ንዳድ እስከ ቆላ ድባ

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ የንዳድ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። የንዳድ ወራት ክረምቱ ወጥቶ አዝመራው የሚደርስበት ጊዜ በመሆኑ በሽታው በገባበት ቤት ሰው ብቻ ሳይሆን እህልም ይጠፋል፤ አጫጁ ከተኛ የደረሰው ሰብል ማሳ ላይ ይረግፋል። በዚያን ጊዜ በሀገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች፣ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የሕክምና ፋኩልቲም ገና አልተቋቋመም ነበር። ስለዚህ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ጋር በመተባበር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን በ1947 ዓ.ም. በጐንደር አቋቋመ። ኮሌጁ ከዋናው ከተማ ርቆ እንዲቆም የተደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ሊታገሉት የሚሠለጥኑበት ችግር ያለው እዚያው ደጃፉ ላይ ነበርና።

ኮሌጁ በዋነኛነት ያሠለጥን የነበረው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና በጊዜው አጠራር ሳኒቴሪያን የሚባሉትን የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎች ነው። የሦስቱም ሙያ ተማሪዎች በአንድ ግቢ ይማሩ ነበር፤ በሥልጠናቸውም የመጨረሻ ክፍል እንደ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። ጤና ጣቢያው ለ50,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተነደፈ ስለነበር የታመመ ሰው እስኪመጣ መቀመጥ ሥራውን እንደማይጨርሰው ከመነሻው የታወቀ ነበር። በደምቢያ ቆላ ድባ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ወደ ሱዳን በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለችው ጭልጋ ከታወቁት የልምምድ ጣቢያዎች መካከል ነበሩ።

የተለማማጁ ውሎ ምን ይመስል እንደነበር ማስታወስ ለመምህር ይጠቅማል። የጤና መኮንኑ በገበያ ቀን የሚጎርፈውን በሽተኛ ይመረምራል፤ በሌላው ቀን ግን ጤና ጣቢያው ጭር ስለሚል በበቅሎ ወይም በእግር ወደ መንደር ይወጣል። ነርሷ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች እርጉዞችንና አራሶችን ትጎበኛለች። ሳኒቴሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ እንዲቆፈር ያግባባል። ማግባባት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዋና ነው። ጉድጓዱን ለማስቆፈር የመንደሩን ሽማግሌና የደብሩን አለቃ ማነጋገር፣ በዓላቱን ማወቅ፣ ጠበል ለሚጠመቅ ሕመምተኛም ጠበሉን ሳይነቅፉ መድኃኒቱን ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ትምህርት አይደለም። ተማሪው ግን ያገኘውን ይዞ የሚመለሰው ወደ ጓደኞቹና ወደ መምህራኑ በመሆኑ፣ በቆላ ድባ አልሳካ ያለው ነገር በጐንደር ግቢ የመወያያ ርእስ ሊሆን ይችል ነበር።

የሥርዓቱ ጥንካሬ ከዚህ ላይ ይገኛል። መስኩ የኮሌጁ አካል ነበር፤ ተለማማጁ በመስክ የሠራው ሥራና ከተመረቀ በኋላ የሚመደብበት ሥራ አንድ ዓይነት ነበሩ። ስለዚህ የተመላሹ ልምድ የሚወድቅበት ቦታ አላጣም። ድክመቱም ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። የጤና መኮንንነት ከፍ ያለ ኀላፊነት የሚያሸክም ሆኖ ሳለ ወደ ላይ የሚያወጣው የሙያ መሰላል ጠባብ ነበር፤ ከመኮንኖቹም መካከል ቆይተው ወደ ሕክምና ዶክተርነት ትምህርት የተሸጋገሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የሕክምና ፋኩልቲ በጐንደር ሲከፈት የጤና መኮንኖች ሥልጠና ቆመ። እንደገና የተጀመረው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ ነው። ሀገሪቱ አንዴ የጣለችውን የሙያ ዘርፍ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይታ ፈልጋ ማንሣቷ ስለ ሙያው አስፈላጊነት ከማንኛውም ግምገማ የበለጠ ይናገራል።

አራት መምህራን በአንድ የመምህራን ክፍል

የጤናው ሥልጠና በዚህ ሁኔታ ሲሄድ በትምህርት ቤቶች በኩል ሌላ ችግር ይከማች ነበር። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዩኔስኮ አማካይነት በአዲስ አበባ የተደረገው የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ የአህጉሩን የትምህርት ግብ ሲወጥን፣ የጉባኤው አስተናጋጅ የነበረችው ኢትዮጵያ ራሷ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እጅግ ኋላ የቀረች ነበረች። ሕንፃ መሥራት ይቻል ነበር፤ ዲግሪ ያለው መምህር ግን በቶሎ አይገኝም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑም ከውጭ አገር መምህር ማምጣትን ቀላል፣ ሀገር በቀል መምህር ማፍራትን ደግሞ ዘገምተኛ አደረገው። ክፍተቱን በብዛት ይሸፍኑ የነበሩት በኮንትራት የመጡ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ።

የአሜሪካ የሰላም ጓድ የተቋቋመው በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1961 ነው። ወደ ኢትዮጵያ የታደለው የመጀመሪያው ቡድን በዋሽንግተን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናና የአማርኛ ትምህርት ከተሰጠው በኋላ ለ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደረሰ። ከ270 በላይ የሆኑት የቡድኑ አባላት በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆነው በየጠቅላይ ግዛቱ ተመደቡ፤ በሀገሪቱ የነበረውን ዲግሪ ያለው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ቁጥር ከሞላ ጎደል በእጥፍ እንዳሳደጉት ይነገራል። የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ጐንደርም ድርሻዋን አገኘች። የቡድኑ ኀላፊ ሆነው የመጡት ሃሪስ ዎፎርድ ቀደም ሲል የኬኔዲ የሲቪል መብት አማካሪ የነበሩ ሲሆን፣ በጎ ፈቃደኝነትን ከትምህርት ለይተው የማይመለከቱ ሰው ነበሩ። በርሳቸው አስተያየት በጎ ፈቃደኛው የሚያስተምረውን ያህል መማር ነበረበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የራሱን አገልግሎት ጀመረ። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1954 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የዓለማያውን የእርሻ ኮሌጅ፣ የጐንደሩን የጤና ኮሌጅና ሌሎቹንም በማስተባበር ነበር። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በመባል የታወቀው ደንብ እያንዳንዱ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዘመን በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ያዝዛል። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ብቻ ሳይሆን በሌላውም ዓለም ብዙ አምሳያ ያልነበረው ሥራ በመሆኑ፣ ዴቪድ ኮርተንና ፍራንሲስ ኮርተን እ.ኤ.አ. በ1966 ጥናት አድርገው በዓለም አቀፍ የትምህርት መጽሔት አውጥተውታል። ከአገልጋዮቹ የሚበዙት በመምህርነት ተሰማሩ።

በመሆኑም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ወደ አንድ የጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል የገባ ሰው አራት ዓይነት መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያገኝ ይችል ነበር። በኮንትራት የመጣ ሕንዳዊ፣ የሰላም ጓድ አሜሪካዊ፣ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪና ቋሚው ኢትዮጵያዊ መምህር ናቸው። አራቱም የሚይዙት ጠመኔ አንድ ነው፤ የሚያስተምሩትም ያንኑ ልጅ ነው፤ ልጁም ከወገራ ወይም ከስሜን ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ የመጣና በከተማው ጎጆ ተከራይቶ የሚማር ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው የሚታየው ሰኔ ሲመጣ ነው። ሕንዳዊው ኮንትራቱን ያሳድሳል ወይም ይሄዳል። አሜሪካዊው ሁለት ዓመቱን ሲፈጽም ወደ ሀገሩ ይመለሳል። አገልጋዩ ተማሪ ወደ ስድስት ኪሎ ይመለሳል። ቋሚው መምህር ግን በመስከረምም እዚያው ነው። የሦስቱን ልምድ በየዓመቱ ሲቀበልና ሲሸኝ የኖረው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ከአገልግሎት ሥርዓቶቹ አንዱም እርሱን በማሰብ አልተነደፈም። ለርሱ የቀረበለት በር የክረምት ትምህርት ነበር፤ ከጐንደር አዲስ አበባ ያለውን 740 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በክረምት ተጉዞ፣ ቤተሰቡን ትቶ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጠነኛ ማሻሻያ ይዞ ይመለሳል። ዲግሪውን በዚህ መንገድ ለመሙላት ስንት ክረምት እንደሚፈጅ የሚያውቀው የሞከረው ሰው ነው።

አገልጋዩ ተማሪስ ወደ ስድስት ኪሎ ሲመለስ ምን ጠበቀው? አገልግሎቱ ለዲግሪው ቅድመ ሁኔታ ነበረ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን ብዙም አልነበረም። በደቡብ ያስተማረው ጢሰኛው ለባለ መሬቱ የሚያካፍለውን እህል በዓይኑ አይቶ መጥቷል። በበጌምድር ያስተማረው ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዳይ ገጥሞታል፤ ማለቂያ የሌለው የርስት ሙግት፣ በዕደ ጥበብ እየኖሩ ርስት የተነፈጋቸው የቤተ እስራኤል ሰዎች፣ ልጁን ለእረኝነት የሚፈልግ አባት፣ ከስድስተኛ ክፍል ሳትደርስ የምትዳር ልጃገረድ ነበሩ። ሁለቱ ወጣቶች በአንድ የኢኮኖሚክስ ወይም የሕግ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩትን ቢያነጻጽሩ ኖሮ ስለ ኢትዮጵያ መሬት ከማንኛውም የውጭ አገር መጽሐፍ የተሻለ ትምህርት ይሆን ነበር። ንጽጽሩ መደረጉስ አልቀረም፤ ይበልጥ የተደረገው ግን ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ በተማሪዎች ስብሰባና በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» የሚለው ድምፅ በአደባባይ ሲሰማ የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች ገና በየምድባቸው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የተመለሱት ግን ጥያቄውን በራሳቸው ምስክርነት አጠነከሩት። ኖርዌያዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ራንዲ ባልስቪክ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት አገልግሎቱ የተማሪውን ንቅናቄ ወደ ጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤቶች ካዳረሱት መንገዶች አንዱ ሆኗል። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ይህን አስቦ አልጀመረውም። ይሁን እንጂ ሥርዓተ ትምህርቱ ያልተቀበለውን ልምድ ሌላ ተቀባይ እንደሚያገኘው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ፈንጣጣን ተከትሎ ወደ ስሜን

በጎ ፈቃደኞች ሁሉ መምህራን አልነበሩም። በጥር 1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት የተጀመረው ዘመቻ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ (እ.ኤ.አ. በ1971) ከ26,000 በላይ ሕሙማንን መዘገበ። ሥራው ከአንድ መንደር ወደ ሌላው በእግር መሄድን፣ የፈንጣጣ በሽተኛ ሥዕል እያሳዩ በገበያና በትምህርት ቤት መጠየቅን፣ በሽታው የተገኘበትን መንደርና አጎራባቾቹን መክተብን ይጠይቃል። የሰላም ጓድ ወጣቶች፣ እንዲሁም ከጃፓንና ከኦስትሪያ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ተሰልፈውበታል። ከእነርሱ ጋር የተጓዙት ኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ግን በብዛት ሳኒቴሪያኖች ነበሩ፤ ማለትም የጐንደር ኮሌጅ ያፈራቸው ልጆች።

የጐንደርና የጎጃም ደጋ፣ በተለይም ስሜን፣ ከደጋው ሀገር ዘመቻው በብርቱ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ገደሉ ብቻ አልነበረም ችግሩ። የደጋው ገበሬ ከበሽተኛ ቁስል መግል ወስዶ ጤነኛውን በመከተብ ራሱን የሚከላከልበት የቆየ ልማድ ነበረው። ልማዱ ዕውቀት የሌለበት አይደለም፤ አንዳንዴ ግን እውነተኛውን ፈንጣጣ ራሱን ወደ አዲስ መንደር ያሻግር ነበር። የራሱ ክትባት ላለው ሕዝብ አዲስ ክትባት ይዞ መቅረብ ክርክር ያስከትላል፤ በዚህ ክርክር አማርኛውን ከቋንቋ ማሠልጠኛ ከተማረው ወጣት ይልቅ በቆላ ድባ አለቆችንና ሽማግሌዎችን ማግባባት የተለማመደው ሳኒቴሪያን የተሻለ ስንቅ ነበረው። የውጭውና የሀገሩ ሰው ጥንድ ሆነው መሥራታቸው ከመምህራኑ ክፍል የተለየ ውጤት ሰጠ፤ የበጎ ፈቃደኛው ልምድ ከርሱ ጋር ቢሄድም እኩሌታው ከባልደረባው ጋር በሀገር ቀርቷል። የሀገሪቱ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው ከደጋው በጣም ርቆ፣ በደቡብ ምሥራቅ ቆላ፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው።

በዚያን ጊዜ በሌላው በኩል ሁሉም ነገር ተለውጦ ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያሰማራ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ቦታውን ለቀቀ፤ ከዚያም በኋላ በቀድሞው መልኩ አልተመለሰም። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው ግንኙነት ሲሻክር የሰላም ጓድ ከሀገር ወጣ። በጐንደርና በዙሪያዋ ጦርነት፣ ከጦርነቱም ጋር ብዙ ወጣት የበላው የአብዮቱ ዘመን ሽብር ስለነበር፣ ስለ ተመላሾች ልምድ የሚያስብ ጽሕፈት ቤት ቢጠፋ አያስገርምም።

ለተመላሾች የተከፈተው በር

አሁን ታሪኩ ወደ አሜሪካ ይሻገራል፤ በጎ ፈቃደኞቹን ተከትሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመላሾች ገና ሲደርሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በዋሽንግተን ከተማ በካርዶዞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ አዲስ ሙከራ ተጀመረ። ከሰላም ጓድ የተመለሱ ወጣቶች በድሆች ጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር በሚገኘው በዚህ ትምህርት ቤት ግማሹን ጊዜ እያስተማሩ፣ ልምድ ባላቸው መምህራን እየተመሩ፣ የሚያስተምሩበትንም ጽሑፍ ለተማሪው ኑሮ እንዲስማማ ራሳቸው እያዘጋጁ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በኩል የማስትሬት ዲግሪ እንዲያገኙ ተደረገ። ኋላ ስመ ጥር የትምህርት ታሪክ ጸሐፊ የሆኑት ላሪ ኩባን በዚያ ከመሩት መምህራን አንዱ ነበሩ። ሙከራው ተወደደና እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ለተቋቋመው የመምህራን ጓድ አርአያ ሆነ። ሩቅ አገር በባዕድ ቋንቋ፣ መጽሐፍ በማይበቃበት ክፍል ማስተማር በገዛ ሀገር ለተረሱ ልጆች የሚጠቅም ዕውቀት መሆኑ በይፋ ታወቀ ማለት ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ለተመላሽ በጎ ፈቃደኞች የድኅረ ምረቃ የትምህርት ድጋፍ አቋቋመ። ምክንያቱ እንደ ኢትዮጵያው የ1950ዎቹ የመምህር እጥረት ነበር፤ የከተማይቱ ትምህርት ቤቶች መምህር አጥተው ነበርና። ተመላሹ በትምህርት ክፍያ ይረዳል፤ በምላሹም እየተማረ በችግረኛ ሠፈር ያገለግላል። ሥርዓቱ ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሲስፋፋ አገልግሎቱ ከመምህርነት አልፎ ወደ ጤና፣ ወደ ከተማ ፕላንና ወደ ማኅበራዊ ሥራ ሰፋ፤ ኋላም እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1991 የሰላም ጓድ ዲሬክተር በነበሩት በፖል ኮቨርዴል ስም ተሰየመ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በኒው ጀርሲ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የካምደን ቅርንጫፍ ሌላ ዓይነት መንገድ ተጀመረ፤ ተማሪው የማስትሬት ትምህርቱን ጀምሮ ለአገልግሎት ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ተመልሶም ይጨርሰዋል። ይህኛው እ.ኤ.አ. በ2016 ተቋርጧል። የሀገራችንን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚያውቅ አንባቢ ቅርጹን ወዲያው ይለየዋል፤ አዲስ አበባ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የሠራችበት ነው። ልዩነቱ ካምደን የተመላሹን የመስክ ሥራ ከሚጨርሰው ትምህርት ጋር ማያያዟ ነው።

ተመላሾቹ በየሙያቸው ያደረጉት አስተዋጽኦ የሚናቅ አይደለም። በወሊሶ ያስተማሩት ፖል ሶንጋስ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆነዋል። ዎፎርድ ራሳቸው ከኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ በኒው ዮርክ የኦልድ ዌስትበሪ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግሎትን ከትምህርት ጋር ለማዋሐድ ሞክረዋል፤ ሙከራው ብዙ ውዝግብ ገጥሞታል፤ በኋላም በሴናተርነትና በብሔራዊ አገልግሎት ኀላፊነት ሠርተዋል። ተመላሾቹ በማኅበር ተደራጅተው ያስተማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች የረዱበትም ጊዜ አለ። ሆኖም በትምህርት ዐቃጅ ዓይን ሲታይ የሂሳቡ ሚዛን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። በጐንደር ክፍል ውስጥ የተገኘው የማስተማር ልምድ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን የማስትሬት ዲግሪ ሆኗል። በዚያው ክፍል ከጎን የነበረው ኢትዮጵያዊ ባልደረባ ያንኑ ልምድ፣ ምናልባትም የጠለቀውን፣ ይዞ በነበረበት ደረጃ ቀርቷል።

ለኢትዮጵያውያንም የድኅረ ምረቃ ዕድል አልነበረም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በአሜሪካ እርዳታ የተሰጠው የአፍሪካውያን የድኅረ ምረቃ ነፃ ትምህርት ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል። ነገር ግን የሚመረጠው ሰው በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲውና ከመሥሪያ ቤት እንጂ ከጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የሚማረውም ከሀገር ርቆ፣ ከነበረበት ሥራ ጋር ባልተያያዘ ርእስ ሊሆን ይችላል። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሄደው ሁሉ አልተመለሰም። ዕድሉን ከችግረኛ ሠፈር አገልግሎት ጋር ያሰረው የተመላሾቹ ሥርዓት ከዚህ ጋር ሲተያይ ብልህነቱ ይጎላል፤ ተማሪው በሚማርበት ጊዜ ሁሉ አንድ እግሩ በሠፈሩ ነውና የሚጽፈው ጥናት ከዚያው ይወጣል።

የሰላም ጓድ እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በኤርትራ ጦርነት ዘመን እንደገና ወጥቶ፣ በ2007 ተመልሶ፣ በመጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከዓለም ሁሉ በጎ ፈቃደኞቹን ሲሰበስብ ከኢትዮጵያም አስወጥቷቸዋል። የጐንደሩ ኮሌጅ በበኩሉ ዩኒቨርሲቲ እስከ መሆን አድጓል፤ የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎችን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የመላክ ልማዱንም ከመሥራቾቹ ወርሶ አቆይቷል። በወገራ ደጋ በዳባት እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የምርምር ማዕከል ይህን ልማድ አንድ እርምጃ ወሰደው። በዚያ የተመዘገቡ ቤተሰቦች በየጊዜው እየተጎበኙ ልደቱ፣ ሞቱና ፍልሰቱ ተጽፏል፤ የማስትሬት ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጥናታቸው ተጠቅመውበታል። ተማሪው ይለዋወጣል፤ አዲስ የመጣው ግን ከባዶ አይነሣም፤ ከርሱ በፊት የመጣው የጻፈው ይቆየዋል።

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራንን ለልምምድ ሲልኩ ተመሳሳይ መዝገብ ሊያደራጁ ይችላሉ። ዕጩው መምህር በደባርቅ ወይም በጃናሞራ ትምህርት ቤት ቆይቶ ስለ ልጆቹ መቅረትና ማቋረጥ፣ ስለ ወላጆቹ የሥራ ወራት፣ ስላልገባቸው የሒሳብ ክፍል ያገኘውን የሚጽፈው ለኮሌጁ ውጤት ብቻ ከሆነ ወረቀቱ በኮሌጁ መጋዘን ይቀራል። አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቢቀመጥና የሚቀጥለው ዓመት ዕጩ ከዚያ እንዲጀምር ቢታዘዝ ግን ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። የመዝገቡ ጠባቂ መሆን ያለበትም ማን እንደሆነ ከላይ ካለው ታሪክ መለየት አያስቸግርም፤ በመስከረምም እዚያው የሚገኘው ቋሚው መምህር ነው። ጥበቃው እንደ ሥራ ተቆጥሮለት ለክረምት ትምህርቱ የሚታሰብ ነጥብ ይሁን አይሁን የሚለው በደንብ መወሰን የሚገባው ጉዳይ ነው።